የጉልበት መታጠፍን በሴንሰር ስለካ ቁጥሩ ለምን ይሸሻል?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የባዮሜዲካል ምህንድስና ተመራቂ ተማሪ ነኝ። ጉልበት ስንት ዲግሪ እንደሚታጠፍ ለመለካት ሁለት ኤምፒዩ 6050 የተባሉ የእንቅስቃሴ ሴንሰሮችን፣ አንዱን ጭን፣ ሌላውን ባት ላይ በላስቲክ አስሬ አርዱኢኖ ከሚባለው አነስተኛ የኮምፒውተር ሰሌዳ ጋር አገናኝቻለሁ። በሰከንድ 100 ጊዜ አነባለሁ። በሴንሰሩ ውስጥ ያለው የዙረት መለኪያ (ጋይሮስኮፕ) የሚሰጠኝን የመዞር ፍጥነት በአንድ ዘንግ ብቻ እየደመርኩ ወደ ዲግሪ እቀይርና የሁለቱን ልዩነት እወስዳለሁ። እግሩን ያዋሰኝ ጓደኛዬ ዝም ብሎ ሲቀመጥ በ5 ደቂቃ 6 ዲግሪ ይንሸራተታል። በዚያ እግር 20 ጊዜ ተራምዶ ቀጥ ብሎ ሲቆም ደግሞ 60 ዲግሪ ታጥፏል ይለኛል። ተቀምጦ ከዘረጋበት 90 ዲግሪ ሲያጥፍ የማየው 78 ነው። ሴንሰሮቹ ተበላሽተው ይሆን? ሌላ ለመግዛት አቅሜ አይፈቅድም።

የብየዳ ወዳጅ፦ አትግዛ። ይህ ሴንሰር የመለኪያ ልኩን ካልቀየርክለት በሰከንድ ከ250 ዲግሪ በላይ አይለካም። ሰው ሲራመድ ቅልጥሙን ወደ ፊት የሚወረውርበት ፍጥነት ከዚያ ያልፋል፤ ትርፉ አይቆጠርልህም። ወደ ኋላ ሲመለስ ግን ዝግ ስለሚል ሙሉው ይቆጠራል። በየእርምጃው ሦስት ዲግሪ ብትከስር ሃያው ስድሳ ሆነ ማለት ነው። ጥሬውን መዝገብ ክፈትና 32767 ወይም -32768፣ ማለትም ሴንሰሩ ሊሰጥ የሚችለው የመጨረሻው ቁጥር፣ ተሰልፎ እንደሆነ ተመልከት። ካገኘኸው ልኩን ወደ 1000 ከፍ አድርግ፤ ጥሬውን ቁጥር ወደ ዲግሪ በሰከንድ የምትቀይርበትን ማካፈያም ከ131 ወደ 32.8። እኔ ማካፈያውን መቀየር ረስቼ ሁሉም ሰው የጉልበቱን ሩብ ብቻ ሲያጥፍ እያየሁ አንድ ሙሉ ቅዳሜ አቃጥያለሁ።

አዲስ ገቢ፦ ማግኔቶሜትር (እንደ ኮምፓስ አቅጣጫ የሚለካ) ያለው ሴንሰር ቢወስድ መንሸራተቱ አይቆምም?

የብየዳ ወዳጅ፦ ተው ወንድሜ! የብረት አልጋና የብረት ወንበር ባለበት ክፍል ማግኔቶሜትር ይሳሳታል። ለጉልበት የመሬት ስበት ይበቃዋል፤ ስበትንና መፋጠንን የሚለካው አክስለሮሜትር እዚያው ሴንሰር ውስጥ አለ። ከጋይሮስኮፑ የሚገኘውን ዲግሪ በ0.98፣ ከአክስለሮሜትሩ የሚገኘውን በ0.02 አባዝቶ ይደምር። ተረከዝ መሬት ሲመታ ንባቡ ከስበቱ መጠን ከ9.8 በጣም ስለሚርቅ በዚያች ቅጽበት አክስለሮሜትሩን አይመነው።

ፊዚዮቴራፒስት፦ ባት ላይ ማሰርህ አልተመቸኝም። ጡንቻው በተኮማተረ ቁጥር ሴንሰሩን ይገፋዋል። በቅልጥም ፊት ለፊት፣ በውስጥ በኩል አጥንቱ ከቆዳ ሥር ገጥ ብሎ የሚዳሰስበት ቦታ አለ፤ እዚያ እሰረው። የጭኑን ደግሞ በውጭ በኩል፣ ከጉልበት ትንሽ ከፍ አድርገህ። የባቱ ሴንሰር በባት ክብነት ላይ ዞሮ ተጣሞ ሳይቀር አይቀርም።

የብየዳ ወዳጅ፦ እርስዎ ያሉት የ78ቱን ምሥጢር ፈታው። 30 ዲግሪ ከተጣመመ 90 በ0.866 (የ30 ዲግሪ ኮሳይን) ተባዝቶ 78 ይሆናል። ጠያቂው ጓደኛውን ወንበር ላይ አስቀምጦ እግሩን አምስት ስድስት ጊዜ ያወዛውዘው፤ ሦስቱንም ዘንጎች አንብቦ ዙረቱ የሚበዛበትን አቅጣጫ መታጠፊያው ብሎ ይያዝ።

ጠያቂ፦ 32767 በየእርምጃው ስምንት ዘጠኝ ጊዜ ተሰልፎ አገኘሁት! ሁሉንም አስተካክዬ አሁን ከእርምጃው በኋላ 2 ዲግሪ፣ ተቀምጦ ደግሞ 89 ያሳያል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባለሙያዋ፣ እርስዎን አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ጓደኛዬ ሲያልበው ላስቲኩ ወደ ታች ይወርዳል።

ፊዚዮቴራፒስት፦ ላስቲኩን አታጥብቀው፣ ደሙን ታግደዋለህ። ሴንሰሩን በሁለት ወገን በሚጣበቅ ፕላስተር ቆዳው ላይ ለጥፈህ ላስቲኩን ከላይ አድርግ። ቦታውን አስቀድመህ ላጨው፤ ጓደኛህ ከፈቀደ።