ለሽንት ፊኛ ቦቶክስ የተወጋ ሰው አለ?

ሚሚ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ወንድሜ በመኪና አደጋ ህብለ ሰረሰሩ ተጎድቶ ዊልቸር ላይ ነው። ጉዳቱ ደረቱ ላይ ነው፣ ቲ 4 የሚሉት ቦታ። ሽንቱን ራሱ በካቴተር (ፊኛ ውስጥ በሚገባ ቀጭን ቱቦ) ያወጣል፣ ግን በመሃል ያመልጠዋል። ለዚሁ የሚሰጠውን ኦክሲቡቲኒን የሚባል መድኃኒት ሲወስድ አፉ እየደረቀ እንጀራውን በውሃ ነው የሚያወርደው። የሆድ ድርቀቱም ጠናበት። በዚሁ የተነሳ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ትቷል። አሁን ሐኪሙ ፊኛው ላይ ቦቶክስ እንውጋው አለ። እናቴ «መርዝ ነው እኮ!» ብላ እንቅልፍ አጥታለች። የተወጋ ሰው ካለ እባካችሁ ንገሩኝ።

ያሬድ፦
እህቴ፣ እኔ ጉዳቴ ከወገቤ በላይ ነው። ቦቶክስ ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። እናትሽን አይዞዎት በያቸው። ከመርዝ መሠራቱ እውነት ነው፣ ግን የሚሰጠው በጣም ጥቂት ነው። ነርቩ የፊኛውን ጡንቻ ያለ ጊዜው እንዳያኮማትረው ያግደዋል። ለእኛ ዓይነት ጉዳት አሜሪካ ውስጥ በ2011 ተፈቅዷል። የተለመደው መጠን 200 ዩኒት ነው።

ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በሽንት መውጫ ያስገባሉ። ከዚያ የፊኛውን ግድግዳ 30 ቦታ ላይ ይወጉታል። እኔ ስክሪኑን አይ ነበር፤ መርፌው በገባ ቁጥር ትንሽ እብጠት ብቅ ትላለች። ለውጡን በማግስቱ አትጠብቁ፣ ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈልጋል። አሁን ሰው ቤት ሄጄ ሶፋ ላይ ሳልሳቀቅ እቀመጣለሁ። ለዘለቄታው አይደለም፣ ከወራት በኋላ ይለቅና እንደገና ይወጋል። ካቴተሩም አይቀርም።

እናትሽ እንዲሰሙልኝ የምፈልገው ግን ይሄን ነው። ነገሩ የማምለጥ ብቻ አይደለም። ፊኛው እየተኮማተረ ግፊቱ ሲበዛ ኩላሊት ይጎዳል። እኔን ያሳመነኝ እሱ ነው።

ሲስተር ሀና (ነርስ)፦
ያሬድ በደንብ አስረድቷል። ሚሚዬ፣ እኔን ያሳሰበኝ ቲ 4 ያልሽው ነው። ቲ 4 ከቲ 6 በላይ ነው፤ ህብለ ሰረሰሩ ቲ 6 ላይ ወይም ከዚያ በላይ የተጎዳ ሰው ፊኛው ሲሞላ ወይም ሲነካካ የደም ግፊቱ በድንገት ሊያሻቅብ ይችላል። አውቶኖሚክ ዲስሪፍሌክሲያ ይባላል። ሲወጋ የደም ግፊቱን እየተከታተሉ መሆን አለበት፣ ስለ ማደንዘዣውም ጠይቂ። ከመወጋቱ በፊት ሽንቱ ይመርመር፣ ኢንፌክሽን ካለ መጀመሪያ ይታከም። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ከወሰደም ይንገራቸው። ከተወጋ በኋላ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካቃተው፣ ብዙ ሰው ላይ አይደርስም እንጂ፣ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

ሚሚ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ሲስተርዬ፣ ሽንቱን ሳያወጣ ሲቆይ ራሱን ይፈልጠዋል፣ ግንባሩን ያልበዋል። ያ ነገር ይሆን?

ሲስተር ሀና (ነርስ)፦
በጣም ይመስላል። ዛሬውኑ ለሐኪሙ ደውዪ። ሲመጣበት ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ ቀበቶውንና ጠባብ ልብሱን ፍቱለት፣ ቶሎ ሽንቱን ያውጣ። የደም ግፊቱን ለኩት። አልተወውም ካለ 911 ደውሉ፣ ለሚመጡትም ስሙን ጥሩላቸው፦ አውቶኖሚክ ዲስሪፍሌክሲያ።