ለዓመታት የተተወ የሞዴል መኪና እንዴት ይጠናቀቃል?

ጥያቄ (ከጅማ)፦ በ1፡24 መጠን (ከእውነተኛው መኪና 24 ጊዜ ያነሰ ርዝመት ያለው) የሚገጣጠም የቮልስ ሞዴል ጀምሬ ለ9 ዓመታት ካርቶን ውስጥ ትቼው ነበር፤ አሁን ስከፍተው ተለጣፊ ምልክቶቹ ቢጫ ሆነዋል፣ ግማሹ የተቀባው ጣሪያም የአውራ ጣቴን አሻራ እንደያዘ ደርቋል። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። ምልክቶቹን አይጣሏቸው፤ በላስቲክ ከረጢት አድርገው ፀሐይ በሚያገኘው መስኮት ላይ ለተወሰኑ ቀናት ቢለጥፏቸው ቢጫው ይቀንሳል። ለመለጠፍ ውሃ ውስጥ ሲነከሩ እንዳይበጣጠሱ ግን አስቀድመው ግልጽ ቫርኒሽ ይርጩባቸው።

መልስ፦ አሻራውን በ1000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ውሃ እያስነኩ ቢፍቁት ይጠፋል። ቀለሙን ግን በእኛ በጅማ ክረምት አይርጩ፤ እርጥበት ሲበዛ ላከሩ (ቶሎ የሚደርቀው የሚረጭ ቀለም) ነጭ ጉም ይለብሳል (እኔ አንድ ኮፈን ያበላሸሁት በዚሁ ነው)።

ጠያቂው፦ እግዜር ይስጥልኝ። እንግዲያው እስከ ጥቅምት ሞተሩን እገጣጥማለሁ።