ነጭ ዝንብ ፀረ-ተባይን ሲላመድ፦ በግሪን ሃውስ ቲማቲም ላይ ምን ይደረግ?

ጥያቄ
በግሪን ሃውስ በማለማው ቲማቲም ላይ ነጭ ዝንብ አስቸግሮኛል። መጀመሪያ ኢሚዳክሎፕሪድ ስረጭ በሚገባ ይሞት ነበር፤ እየበዛ ሲመጣ ወደ አሴታሚፕሪድ፣ ቀጥሎም ወደ ታያሜቶክሳም ቀየርሁ። አሁን ግን ከርጭት በኋላ ቅጠሉን ስነካው ዝንቡ ብር ብሎ ይነሣል። መጠኑን ልጨምር?

መልስ 1
መጠኑን እንዳይጨምሩ አጥብቄ እለምንዎታለሁ። ሦስቱም ስማቸው ይለያይ እንጂ ኒዮኒኮቲኖይድ የሚባሉ የአንድ ቤተሰብ ኬሚካሎች ናቸው፤ በተባዩ ነርቭ ላይ የሚያጠቁትም አንድ ቦታ ስለሆነ አንዱን የተላመደ ሌሎቹንም የመቋቋም ዕድሉ ሰፊ ነው። የአሠራር ምድባቸው፣ ማለትም ፀረ-ተባዮች በሚገድሉበት መንገድ የሚከፈሉበት ቁጥር፣ 4ኤ ነው። ቀጣዩን ከሌላ ምድብ ይምረጡ፤ ለምሳሌ ስፓይሮሜሲፈን 23፣ ሳያንትራኒሊፕሮል 28 ነው። ለሰብሉ የተፈቀደ መሆኑን ከመለያው ያረጋግጡ።

መልስ 2
በምድቡ ጉዳይ እስማማለሁ፤ ነገር ግን አስቀድሞ መላመድ መሆኑ ይጣራ። የዝንቡ ታዳጊዎች (ገና ክንፍ ያላወጡት) ከቅጠሉ ጀርባ ተጣብቀው ስለሚኖሩ ከላይ ብቻ የሚረጭ መድኃኒት በሚገባ አይደርሳቸውም። ያልተረጩ ቅጠሎችን ከፊሎቹን በመለያው መጠን በተበጠበጠ መድኃኒት፣ ከፊሎቹን በንጹሕ ውኃ ነክረው ያድርቁና አየር በሚገባባቸው ሁለት ዕቃዎች ውስጥ ዝንቦችን ያኑሩባቸው። በውኃው በኩል ያሉት ደኅና ሆነው በመድኃኒቱ በኩል ያሉትም አብዛኞቹ ከተረፉ ጥርጣሬዎ መሠረት አለው ማለት ነው፤ በውኃው በኩል ያሉትም ካለቁ ግን ሙከራው ይደገም።

ጠያቂ
አመሰግናለሁ። የቀድሞውን መድኃኒት ከአዲሱ ጋር በአንድ ታንክ ብቀላቅልስ?

መልስ 3
አንዱ መግደል ካቆመ ቅልቅሉ አዲሱን ብቻውን ከመርጨት አይለይም፤ የአዲሱንም ዕድሜ ያሳጥራል። የነጭ ዝንብ ወንዶች በወንድ ዘር ካልዳበረ እንቁላል ስለሚፈለፈሉ የሚይዙት የእናታቸውን ዘረመል አንድ ቅጂ ብቻ ነው፤ ስለዚህ የመቋቋም ባሕርዩ በሌላ ቅጂ ሳይሸፈን በርጭቱ ቶሎ ተመርጦ ይወጣል። ይህ ተባይ ፈጥኖ የሚላመድበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

በሞቃት ቤት አንድ ትውልድ 3 ሳምንት ያህል ስለሚፈጅ፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ አንድ ምድብ ብቻ ተጠቅመው ለሚቀጥለው ትውልድ ወደ ሌላ ምድብ ይሻገሩ። እኔ ከሁሉ አብልጬ የምመክረው ግን የርጭቱን ቁጥር መቀነስ ነው። ኤንካርሲያ የተባለችው ጥቃቅን ተርብ እንቁላሏን በታዳጊዎቹ ውስጥ ጥላ ትገድላቸዋለች፤ እርሷን ከመልቀቅዎ በፊት ፓይሬትሮይድ የተባለውን ሌላ የፀረ-ተባይ ቤተሰብ ከረጩ ቅሪቱ ለሳምንታት ይጎዳታል። ያረጁ የታች ቅጠሎችንም ለቅመው ከቤቱ ያውጡ፤ ያልበረሩት ታዳጊዎች በብዛት የሚገኙት እዚያ ነው፤ ተርቧ የሰፈረችባቸውን ግን ልጆቿ እስኪወጡ ይተዉአቸው።