4 ሊትሩ ይቅር ወይስ ይቆይ? ከኮሎኖስኮፒ በፊት ስለሚጠጣው መድኃኒት ክርክር

ባለ 47፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ነገሩ ትንሽ ያሳፍራል፤ ግን ሁላችንም ጋ መድረሱ አይቀርምና እናውራበት። የምኖረው አሜሪካ ነው። እዚህ ከ2021 ጀምሮ የትልቁ አንጀት ካንሰር ምርመራ ከ45 ዓመት እንዲጀመር ይመከራል። እኔም ተራዬ ደረሰና ኮሎኖስኮፒ ታዘዘልኝ፤ ካሜራ ያለበት ቀጭን ቱቦ በፊንጢጣ አስገብተው ትልቁን አንጀት የሚያዩበት ምርመራ ነው። ከዚያ በፊት አንጀቱ በሚጠጣ መድኃኒት መጽዳት አለበት። ፋርማሲ ስሄድ የሰጡኝ ግን ጀሪካን ነው። እየቀለድኩ አይደለም። 4 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን፣ ከሥሩ ነጭ ዱቄት ያለበት። "ውኃ ሙላና ጠጣው" አሉኝ። የሥራ ባልደረባዬ ለዚሁ ምርመራ 24 ክኒን ውጦ ነው የሄደው። የክርክሩ ጥያቄ ይኸው፦ ክኒንና ትንሽ ጠርሙስ እያለ ሐኪሞች 4 ሊትሩን እስከ ዛሬ ማዘዛቸው ልክ ነው? እኔ "አይደለም" ብዬ ጀምሬያለሁ።

የሁለት ልጆች እናት፦
አይደለም! እኔ አልፌበታለሁ። በየ10 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ ነው የሚባለው። ሦስተኛው ላይ ጉሮሮዬ እምቢ አለ። ጣዕሙን ጨው የተጨመረበት የሳሙና ውኃ በለው። ኮሶ እንኳ አንዴ ግጥም አድርገህ ትገላገላለህ። ግማሹን ደፋሁት፤ ለማንም አልተናገርኩም። በማግስቱ ሐኪሙ "አልጸዳም፣ ምንም አይታይም" ብሎ መለሰኝ። እኔ ከሥራ ቀረሁ፣ ባለቤቴም እኔን ወደ ቤት ለመመለስ ከሥራ ቀረ፣ ሌላ ቀጠሮ ተያዘ። ሰው ሊጨርሰው የማይችለውን ነገር ማዘዝ ምን የሚሉት ሕክምና ነው?

ነርሷ፦
አይዞሽ እህቴ፣ መድፋቱን ያመንሽ አንቺ ብቻ ነሽ እንጂ የሚደፋው ብዙ ነው። ግን 4 ሊትሩን ከመስደባችን በፊት ሥራውን እንየው። ዱቄቱ ፖሊኢቲሊን ግላይኮል ይባላል፤ በአጭሩ ፔግ። አንጀት አይመጠውም። ውኃውን እንደያዘ ጠርጎ ያልፋል። ከሱ ጋር ያለው ጨው ተመጣጥኖ ስለተቀመመ ከሰውነት ብዙ ውኃ አይስብም፣ ብዙም አይጨምርም። ልቡ የደከመ ወይም ኩላሊቱ የታመመ ሰው ሲመጣ ሐኪሙ ወደ ፔግ የሚሄደው ለዚህ ነው። ትንንሾቹ ጠርሙሶችና ክኒኖቹ ላይ ያሉት ሰልፌትና ማግኒዥየም የሚባሉት ጨዎች ግን ውኃውን ከራስሽ ሰውነት ነው የሚጎትቱት። የጎተቱትን ደግሞ በመጠጣት መመለስ አለብሽ። ጠርሙሱ አነሰ ማለት የምትጠጪው አነሰ ማለት አይደለም።

ባለ 47፦
እንዴት ማለት? ባልደረባዬ ክኒን ብቻ ነው ያለኝ እኮ።

ነርሷ፦
ውኃውን ሳይነግርህ ቀርቶ ነው። ሱፕሬፕ የሚባለውን ትንሽ ጠርሙስ ለምሳሌ ውሰድ። አንዷ ጠርሙስ በውኃ ተበርዛ ግማሽ ሊትር ገደማ ትሆናለች። በሚቀጥለው አንድ ሰዓት ደግሞ 1 ሊትር የሚጠጋ ባዶ ውኃ መጠጣት ግዴታ ነው። ጠርሙሶቹ 2 ናቸው። ሱታብ የሚባለው ክኒንም 12 ፍሬ ማታ፣ 12 ፍሬ ጠዋት ነው፤ ውኃው ያው ነው። ስትደምረው 3 ሊትር ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው።

የድሮ ሰው፦
እናንተ ልጆች ስትገርሙ። እኛ በየሁለት ወሩ ኮሶ እየጠጣን ነው ያደግነው። ማንም ጀሪካን አልተሸከመም። ኮሶውን ወይ የጉሎ ዘይቱን ጠጥቶ መሄድ ምን ያንሰዋል?

ነርሷ፦
ጋሼ፣ እርስዎን መቆጣት አልችልም፤ ግን እባክዎ ይህን ምክር ለማንም አይስጡ። ኮሶ የትል መድኃኒት ነው። መጠኑ ካለፈ ዓይን እስከ መጉዳት ይደርሳል። የጉሎ ዘይቱ በእርግጥ ድሮ በሐኪም ቤትም ይሰጥ ነበር። ግን ሐኪሙ የሚፈልገው "አስቀመጠኝ" እንዲሉት ብቻ አይደለም። መጨረሻ ላይ የሚወጣው እንደ ቀጭን ሻይ የጠራ መሆን አለበት። ጠፍጣፋ ፖሊፕ፣ ማለትም አንጀት ግድግዳ ላይ የሚበቅል፣ ውሎ አድሮ ካንሰር ሊሆን የሚችል እብጠት፣ ትንሽ እድፍ ሥር ይደበቃል። እሱን ካላየን ምርመራው ተደረገ ለማለት ያህል ነው።

የፋርማሲው ልጅ፦
ጋሼ የድሮውን ካነሱ አይቀር እኔም ላንሳ። ፔጉ አሜሪካ ውስጥ የመጣው በ1980 ነው። ከዚያ በፊት ሰው ለቀናት ፈሳሽ ብቻ እየጠጣ፣ በላይ የሚያስቀምጥ መድኃኒት፣ በታች በቱቦ የሚገባ ውኃ ይደረግለት ነበር። 4 ሊትሩ ያኔ እፎይታ ነበር ብትሉ አታምኑኝም።

ቀጥሎ የመጣው ነው ትምህርት የሚሆነን። ሶዲየም ፎስፌት የሚባል ትንሽ ጠርሙስ ነበር። ያለ ማዘዣ ይሸጣል፣ ርካሽ ነው፣ ሁለት ጉንጭ ነው። ሰው ወደደው። በኋላ ግን የአንዳንዱን ኩላሊት ጎዳ። ፎስፌቱ ኩላሊት ውስጥ እየረጋ፣ ጤነኛ መስሎ የገባ ሰው ከሳምንታት በኋላ ኩላሊቱ ደክሞ ይገኛል። በ2008 መጨረሻ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ሲያስጠነቅቅ፣ ያለ ማዘዣ የሚሸጠው ከገበያ ወጣ። ስለዚህ "ትንሹ ይሻላል" ሲባል እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው "ለማን?" ብዬ ነው።

የሁለት ልጆች እናት፦
እሺ የ2008ቱን ተወው። አሁን ያሉት ተፈቅደው አይደል የሚሸጡት? እውነቱን ንገረን፤ 4 ሊትሩ የሚታዘዘው ርካሽ ስለሆነ ነው አይደል?

የፋርማሲው ልጅ፦
አንዱ ምክንያት እሱ ነው፣ አልክድም። ከ2016 ጀምሮ የፌዴራል መንግሥቱ ግልጽ አድርጓል፦ ምርመራው ቅድመ መከላከል ከሆነ፣ በሐኪም የታዘዘው ማጠቢያም የምርመራው አካል ነው፣ ኢንሹራንስ ከታካሚው ኪስ ሳያስከፍል መሸፈን አለበት። ግን "መጀመሪያ ርካሹን ውሰድ" የሚል ኢንሹራንስ ሞልቷል። አዲሱ ብራንድ ሲመጣ ኮምፒውተሩ እምቢ ይላል፤ ሰውየው ዋጋውን ሰምቶ ይደነግጥና ጀሪካኑን ይዞ ይሄዳል። ከሐኪሙ ቢሮ ተደውሎ ምክንያት ቢጻፍ የሚፈታበት ጊዜ አለ። የሚያስደውል ግን የለም።

ለንደን ያለሁት፦
እዚህ 4 ሊትር ብዙም አላየሁም። 2 ሊትር ወይ 1 ሊትር የሆኑ ፔጎች አሉ። ሁለት ከረጢት ዱቄት ብቻ የሆነም አለ፤ ፒኮሰልፌትና ማግኒዥየም ነው። ይህ የመጨረሻው ጣዕሙ ብርቱካን ነገር ነው፣ ሰው ይወደዋል። እኔ ግን አባቴ ላይ ያየሁትን ልናገር። 78 ዓመታቸው ነው፣ የደም ግፊት ክኒን ይወስዳሉ። ከረጢቱን ከጠጡ በኋላ "ፈሳሽ ጠጡ" ስለተባሉ ሌሊቱን ሙሉ ባዶ ውኃ ብቻ ጠጡ። ሲነጋ ተደናገሩብኝ፤ የት እንዳሉም ጠፋቸው። ለካ ደማቸው ውስጥ ያለው ሶዲየም ወርዷል። ሾርባና ጭማቂ እያፈራረቁ መጠጣት እንደነበረባቸው የነገረን የለም። ለወጣት ምንም የማይመስለው ነገር ለሽማግሌ እንደዚያ ነው። ስለዚህ እኔ 4 ሊትሩ ይቅር አልልም። ምርጫው በመጠን ብቻ አይደለም ባይ ነኝ።

አዲስ አበባ ያለሁት፦
እናንተ የምትመርጡት ሲበዛባችሁ ነው። ለእናቴ ሲታዘዝላት ፔጉ ጠፍቶ ከፋርማሲ ፋርማሲ ስንዞር ዋልን። ያገኘነው ቢሳኮዲል የሚባል የሚያስቀምጥ ክኒን ብቻ ነው። ጀሪካኑን ላኩልን።

ታክሲ ነጂው፦
እኔ ደግሞ ማንም ያላነሳውን ላንሳ። ሚራላክስ የሚባለውን የፔግ ዱቄት ጌቶሬድ ከሚባለው የስፖርተኞች መጠጥ ጋር! ያለ ማዘዣ ይገዛል፣ አንድ ጠርሙስ 238 ግራም ነው፣ 2 ሊትር ገደማ ጌቶሬድ ውስጥ ትበጠብጠዋለህ፣ ቢሳኮዲል ትጨምርበታለህ። ሐኪሜ ራሱ ነው ያዘዘልኝ። ሎሚናዳ እንደመጠጣት ነው። ክርክሩ አለቀ፣ ወደ ሥራዬ ልሂድ።

ነርሷ፦
ወንድሜ ቆይ፣ አትሂድ። ብዙ ሐኪም ያዝዘዋል፣ ልክ ነህ። ግን መድኃኒቱ ለሆድ ድርቀት እንጂ ለዚህ ሥራ የተፈቀደ አይደለም። ጨዉም እንደ ጀሪካኑ አልተመጣጠነም። ስኳር ያለበት ሰው ሁለት ሊትር ጌቶሬድ ሲጠጣ ምን እንደሚሆን ደግሞ አንተው አስበው። ቀይና ወይን ጠጅ ቀለም ያለውም አይጠጣም፤ ካሜራው ላይ ደም ይመስላል።

አሁን ስለ ዋናው ጉዳይ ላውራ። እኔ እንዳየሁት ምርመራ የሚበላሸው በመድኃኒቱ ዓይነት አይደለም፤ ሰው ሁሉንም ማታ ጨርሶ ስለሚተኛ ነው። ሌሊቱን ከትንሹ አንጀት የሚወርደው ሐሞት ያለበት ፈሳሽ የትልቁን አንጀት ቀኝ በኩል መልሶ ይለጥፈዋል። ስለዚህ ግማሹ ማታ፣ ግማሹ በምርመራው ቀን ነው። ሁለተኛው ዙር ከቀጠሮው ከ4 እስከ 6 ሰዓት ቀደም ብሎ ይጀመራል፤ ቢያንስ 2 ሰዓት ሲቀር ያልቃል። ቀጠሮህ ጠዋት ከሆነ ሌሊት መነሳት አለ። ማንም አይወደውም። ግን ምንም ብትመርጥ፣ ጀሪካንም ክኒንም፣ ያችን የሌሊቷን ካልጠጣህ ዋጋ የለውም።

ባለ 47ን ግን ልደግፈው። የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ማኅበራት በ2025 በጋራ ያወጡት ምክር፣ ሌላ ችግር ለሌለበት ሰው 2 ሊትር ይበቃል ይላል። ምግብ መቀነሱም ከምርመራው በፊት ባለው አንድ ቀን ብቻ ይበቃል። ስለዚህ ለጤነኛ የ47 ዓመት ሰው ጀሪካኑን በልማድ ማዘዝ፣ እውነት ለመናገር፣ ስንፍና ነው። የሆድ ድርቀት ላለበት ወይም ባለፈው ላልጸዳለት ሰው ግን ብዙው ያስፈልጋል። የሁለት ልጆች እናት፣ ይቅርታ፣ አንቺን ነው።

የሁለት ልጆች እናት፦
ወይ ጉድ! እንደገና ጀሪካን?

ነርሷ፦
ፍሪጅ ውስጥ አቀዝቅዢው፣ በስትሮ ጠጪው፣ በየመሐሉ ሎሚ ከረሜላ ምጠጪ። ካጥወለወለሽ ግማሽ ሰዓት ያህል አርፈሽ ቀጥዪ እንጂ አትድፊው።

ታክሲ ነጂው፦
ምግቡስ? ሚስቴ በጾም ወቅት ነው የተቀጠረችው።

ነርሷ፦
ሌላው ምግብ ለአንድ ቀን ቢቀነስ ቢበቃም፣ ተልባ፣ ሰሊጥና ኑግ ግን ከቀጠሮው ጥቂት ቀን ቀደም ብለው ይቁሙ፤ ፍሬያቸው ካሜራው መምጠጫ ውስጥ ይሰነቀራል። ሽሮና ምስርም በዋዜማው አይሆኑም። ነጭ ዳቦ፣ ነጭ ሩዝና የተላጠ ድንች ጾሙንም አይሽሩም።

ባለ 47፦
ዛሬ ደወልኩ። የኩላሊትና የግፊት ጥያቄ ጠይቀውኝ፣ ባለ 2 ሊትሩን ጻፉልኝ። ቀድመው ሳይጠይቁኝ ለምን ጀሪካን እንደሰጡኝ ስጠይቅ "ለሁሉም የምንልከው እሱን ነው" አሉኝ። ቀጠሮዬ ጠዋት 3 ሰዓት ነው፤ ሰዓቴን ለሌሊት 10 ሞልቼ እተኛለሁ። የቀረችኝ አንድ ጥያቄ ናት። ቡና ይፈቀዳል?

ነርሷ፦
ያለ ወተት ይፈቀዳል። ቆሎና ፈንዲሻውን ግን ከአጠገብህ አርቀው።