ደብተር ታደለ፣ ፎቶ ተነሳ፣ ከዚያስ?

ብዕረኛው፦
ዛሬ አንድ ዘገባ አይቼ ደሜ ፈላ። አንድ የበጎ አድራጎት ቡድን ወደ አንዲት ድሃ የገጠር መንደር ሄዶ ለተማሪዎች ደብተርና እስክሪብቶ አድሏል። እሺ፣ እግዜር ይስጣቸው። ልጆቹን ግን እንግዶቹ እስኪደርሱ ፀሐይ ላይ አሰልፈው አቆሟቸው። ደብተሩን ደረታቸው ላይ አስይዘው ፎቶ አነሷቸው። ይሁን፣ ይህንንም ልለፈው። መጨረሻ ላይ አንዱ ማይክ ጨብጦ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ከእንግዲህ ከትምህርት የሚቀር ልጅ ሰበብ የለውም!»
ሰበብ? ውሃ ስትቀዳ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የሚያልፋት ልጅ ሰበበኛ ናት? ከብት የሚጠብቀውስ? ነገሩ በደብተር የሚፈታ ቢሆን ኖሮ ገና ዱሮ አልቆለት ነበር።

ቀና ልብ፦
አንተ ደግሞ ታካብዳለህ። ሰውየው ስሜት ውስጥ ገብቶ አንድ ቃል አመለጠው። እና ምን ይጠበስ? ባዶ እጁን የነበረ ልጅ ደብተር አገኘ። ከምንም ይሻላል። አንተ እስኪ ምን ሰጥተህ ታውቃለህ?

ሹፈት፦
«ከምንም ይሻላል» በትልቁ ባነር ላይ ይጻፍልኝ። ለሚቀጥለው ርክክብ ይሆናቸዋል።

ቆጣሪው፦
ቀና ልብ ወንድሜ፣ ከምንም ጋር አወዳድር ያለህ ማን ነው? ብሩ እጃቸው ላይ ነበር። ደብተር ባይገዙበት ሌላ ነገር ይሠሩበት ነበር። ማወዳደር ያለብህ ከዚያ ከሌላው ነገር ጋር ነው።
በፈረንጆቹ 1990ዎቹ ኬንያ ገጠር ውስጥ ለትምህርት ቤቶች መማሪያ መጽሐፍ ታድሎ ውጤቱ ተጠንቷል። ሁሉም ሰው ውጤት ይጨምራል ብሎ ጠብቆ ነበር። በአማካይ አልጨመረም። የጠቀመው ድሮም ጎበዝ ለነበሩት ነው። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነዋ! ለአብዛኞቹ ልጆች እንግሊዝኛ ሦስተኛ ቋንቋ ነው። እዚያው ኬንያ፣ ቡሲያ ላይ፣ ለልጆች የሆድ ትላትል መድኃኒት ሲሰጥ ግን ከትምህርት የሚቀረው ልጅ በሩብ ያህል ቀነሰ። ከእነዚህ ሥራዎች ጀርባ ካሉት አንዱ ማይክል ክሬመር ነው። በፈረንጆቹ 2019 ከአብሂጂት ባነርጂና ከኤስተር ዱፍሎ ጋር የኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለመው።

ቀና ልብ፦
ለደብተር ኖቤል አመጣህብኝ! በመጀመሪያ መጽሐፍ ሌላ፣ ደብተር ሌላ። ደግሞ ኪኒን ይዘው ቢሄዱ ኖሮ «ልጆቻችንን ትላም አሏቸው» ብላችሁ ልትጽፉ ነው። እኔ ግን ከምንም ይሻላል ብያለሁ። ይሻላል!

ጥርጣሬ፦
ቆጣሪው፣ የትሉን ጥናት እንደ ወንጌል አታንብበው። በፈረንጆቹ 2015 ሌሎች ሰዎች ዳታውን እንደገና ሠርተውት ስህተት አግኝተውበታል። ስንት ተመራማሪ ተባልቶበታል። ትል ያልበዛበት መንደር ሄደህ ኪኒን ብታድልስ?

ቆጣሪው፦
አውቃለሁ። አንዱ ትልቅ ጭቅጭቅ ኪኒኑን ያልወሰዱ ጎረቤት ትምህርት ቤቶችም ተጠቅመዋል በሚለው ላይ ነው። ጉዳዬ ኪኒኑ አይደለም። ልጁን ያስቀረው ምን እንደሆነ ሳትጠይቅ አታድል ነው የምለው።

ጠመኔ፦
እኔ ገጠር አስተምሬያለሁ። እባካችሁ ደብተርን አታናንቁ። አንዱን ደብተር ከፊት ሒሳብ፣ ከኋላ ገልብጦ ቋንቋ የሚጽፍበት ተማሪ ነበረኝ። ሁለቱ መሃል ላይ ሲገናኙበት ጠርዙ ላይ መጻፍ ይጀምራል። ጽሑፉ ከማነሱ የተነሳ ለማረም ደብተሩን ይዤ መስኮት ጋ እሄድ ነበር።
ግን ደግሞ እንግዳ በመጣ ቁጥር ትምህርት የለም። ጠዋቱ በሰልፍ ልምምድና በመዝሙር ያልቃል። ምን እንደሚጎድለኝ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አራተኛ ክፍል ደርሶ ፊደል ያልለየ ልጅ አለ። ደብተር ስጡት፣ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ይገለብጣል። አሳምሮ ነው የሚገለብጠው። አንብብልኝ ስትሉት ያቀረቅራል።

ቀና ልብ፦
አያችሁ? መምህሯ ራሷ «ደብተርን አታናንቁ» አለች። እናመሰግናለን እህቴ። ጨረስን!

ብዕረኛው፦
የጻፈችውን እስከ መጨረሻው አንብበኸዋል? ወይስ የሚመችህ ቦታ ላይ ስትደርስ ስልክህን ዘጋኸው?

ቀና ልብ፦
ጋሼ፣ አይቆጡ። ግፊትዎ ይነሳል።

ብዕረኛው፦
ማን ነው ጋሼህ?

ቀና ልብ፦
አጻጻፍዎ የጡረተኛ መስሎኝ ነው።

ሹፈት፦
ጋሽ ብዕረኛው፣ ጉልበት ልሳም?

አወያይ፦
ሰዎች፣ ወደ ርዕሱ። የዕድሜ ጉዳይ በውስጥ መስመር።

ቆጣሪው፦
ጠመኔ ያለችው ዋናው ነገር ነው። የዓለም ባንክ በፈረንጆቹ 2019 ባወጣው ግምት በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች 10 ዓመት ከሞላቸው ልጆች 53 በመቶው ቀላል ጽሑፍ አንብበው አይረዱም። አብዛኞቹ እኮ ትምህርት ቤት የገቡ ናቸው! ሕንድ ውስጥ ፕራታም የሚባለው ድርጅት ልጆቹን በክፍላቸው ሳይሆን በሚያውቁት ልክ ይመድባቸዋል። ፊደል ያልለየው ከፊደል ይጀምራል። ብዙ ቦታ ተሞክሮ ሠርቷል።

ጠመኔ፦
ወንድሜ ቆጣሪው፣ ጥሩ ነው። ግን ማን ፈቅዶልኝ? ተቆጣጣሪ ሲመጣ የሚጠይቀኝ ስንተኛው ምዕራፍ ላይ እንደደረስኩ ነው። ስንት ልጅ ማንበብ ቻለ ብሎኝ አያውቅም። አራተኛ ክፍልን ወደ ፊደል ብመልስ «ወደኋላ ቀረሽ» ተብዬ የምጻፈው እኔ ነኝ።

አስተባባሪዋ፦
እኔ እንዲህ ዓይነት እርዳታ ከሚያሰባስቡት አንዷ ነኝ። ዘገባው ላይ ካሉት ሰዎች ጋር አልሠራም። እውነቱን ልንገራችሁ? ለመምህራን ሥልጠና አዋጡ ብዬ ስለጥፍ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ደብተር የያዘች ልጅ ፎቶ ስለጥፍ ስልኬ አያርፍም። ሰጪው የሚታይ ነገር ይፈልጋል። እኔ ምን ላድርግ?

ብዕረኛው፦
ስለዚህ ልጅቷ የማስታወቂያ ሠራተኛ ናት። ደሞዟ ደብተር ነው።

አስተባባሪዋ፦
አፍህን ሞልተህ ተናገርክ። እስኪ ያለ ፎቶ ሰብስበህ አሳየን።

የድሮ ተማሪ፦
እኔ በፎቶ ከተረዱት አንዱ ነኝ። በልጅነቴ ፎቶዬ ባሕር ማዶ ተልኮ አንድ የማላውቀው ሰው አስተማረኝ። በየጊዜው የምስጋና ደብዳቤ አስጽፈውናል። ምን እንደምጽፍ ግራ ስለሚገባኝ ስለ አየሩ ሁኔታ እጽፍለት ነበር። ደስ ይለኝ ነበር? አይ። ተምሬያለሁ? አዎ። ክብር ክብር የምትሉት የጠገባችሁ ናችሁ።

ቆጣሪው፦
ይህም ተጠንቷል። ኮምፓሽን የሚባለው ድርጅት በስድስት አገሮች የረዳቸው ልጆች ከሌሎቹ ከአንድ እስከ አንድ ዓመት ተኩል የሚደርስ ትምህርት ጨምረዋል። ጥናቱ የወጣው በፈረንጆቹ 2013 ነው።

የድሮ ተማሪ፦
እኔ በሕይወት ቁጭ ብዬ ስለ እኔ ጥናት ታነብልኛለህ?

ሹፈት፦
ቆጣሪው ለሰርግም ግራፍ ይዞ ነው የሚሄደው።

ብዕረኛው፦
የድሮ ተማሪ፣ ላንተ የተደረገልህ እኮ ዓመታት የቆየ ድጋፍ ነው። እነዚህ አንድ ቀን መጥተው፣ ተነስተው ሄደው፣ «ሰበብ የለውም» ብለው ነው የዘጉት። አታመሳስላቸው።

ቀና ልብ፦
አሁንም «ሰበብ»! ሰውየው አንድ ጊዜ ነው ያላት፣ አንተ ስታላምጣት ዋልክ። ደግሞ ማደል ኃጢአት ከሆነ የሕንዱን ብስክሌትስ ምን ልትሉት ነው? ቢሀር ክልል ከፈረንጆቹ 2006 ጀምሮ ዘጠነኛ ክፍል ለገቡ ሴቶች ብስክሌት ሰጠ። የሴቶቹ ምዝገባ በሲሶ ገደማ አደገ። ዕደላ ነው! ፎቶም ሳይነሱ አይቀሩም። ቆጣሪው፣ ይቺን ለምን ዘለልካት?

ቆጣሪው፦
አልዘለልኳትም፣ አንተን እየጠበቅኩ ነበር። ብስክሌቱ በደንብ የሠራው የት ነው? ሁለተኛ ደረጃው ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ በሚርቅበት መንደር። የጎደለው መንገድ ነበር፣ መንገዱን የሚያሳጥር ነገር ተሰጠ። ፔሩ ደግሞ ለገጠር ትምህርት ቤቶች ላፕቶፕ በገፍ አደለች። ሲጠና በሒሳብም በቋንቋም የተለወጠ ውጤት አልተገኘም። ሁለቱም ዕደላ ነው።

ቀና ልብ፦
ላፕቶፑም ቢሆን...

ሹፈት፦
እንዳትላት!

ቀና ልብ፦
...ከምንም ይሻላል።

ጠመኔ፦
ቀና ልብ፣ አንተ ራስህ እንዲህ ወዳለ ቦታ ትሄዳለህ?

ቀና ልብ፦
አዎ፣ በሚቀጥለው ወር ከጓደኞቼ ጋር እንሄዳለን። ደብተር እየሰበሰብን ነው። ላዋጣ የሚል በውስጥ ያናግረኝ። ላልቅስ የሚል እዚሁ ይቀጥል።

ጠመኔ፦
እንግዲያው ሁለት ነገር ልለምንህ። ቀድማችሁ መምህራኑን አናግሩ፣ ምናልባት የጎደለው ደብተር ላይሆን ይችላል። ደብተር ከሆነም ለትምህርት ቤቱ አስረክባችሁ ሂዱ፣ ለልጆቹ እኛ እናድላለን። ካልሆነም ቅዳሜ ኑ፣ የትምህርት ቀን አታቃጥሉብን።

ቀና ልብ፦
ቅዳሜ ልጆቹ አይኖሩማ። ባዶ ግቢ ሄደን ምን እንሠራለን?

ብዕረኛው፦
ደብተሩን ታስረክባላችኋላ!

ቀና ልብ፦
ያዋጣው ሰው ማየት ይፈልጋል። አስተባባሪዋ ስትናገር አልሰማህም?

አስተባባሪዋ፦
እኔን አታስገባኝ። ጠዋቱን ሙሉ አሰልፉ አላልኩም።

ጥርጣሬ፦
ቆጣሪው፣ ትል ያልበዛበት መንደር ብዬህ ነበር። እሱን እስካሁን አልመለስክም።