ዕቃው ተሟልቷል፤ መገጣጠሙን ግን ፈራሁ

ማለዳ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለቪዲዮ ኤዲቲንግ የሚሆነኝን ዴስክቶፕ ራሴ ልገጣጥም ብዬ ዕቃውን አሟልቻለሁ። ፕሮሰሰሩ ራይዘን 5 7600 ነው፣ ማዘርቦርዱ ቢ650። ባለ 16 ጊጋ ሁለት ዲዲአር5 ራሞች፣ 1 ቴራ ኤንቪኤምኢ ማከማቻ፣ አርቲኤክስ 4060 ግራፊክስ ካርድ እና 650 ዋት ፓወር ሰፕላይ አሉኝ። ኮምፒውተር ከፍቼ አላውቅም። ፕሮሰሰሩን ስገጥም አንድ ነገር እንዳልሰብር እፈራለሁ። ሁሉን ጨርሼ ሳበራው ስክሪኑ ጨለማ ቢሆንስ? ከየት ልጀምር?

ብሎን፦
እህቴ፣ አይዞሽ። ዕቃዎቹ ይስማማሉ፣ 650 ዋትም ይበቃቸዋል፣ እንዲያውም ይተርፋል። አንድ ነገር ግን አደራ። ኬዝ ውስጥ ከማሰርሽ በፊት ውጭ አስነሺው።

ማዘርቦርዱን በመጣበት ካርቶን ላይ አስቀምጪ። ፕሮሰሰሩን፣ ማቀዝቀዣውን፣ አንድ ራምና ፓወር ሰፕላዩን ብቻ አገናኚ። ግራፊክስ ካርዱ ይቆይ። 7600 የራሱ ግራፊክስ ስላለው ሞኒተሩን ማዘርቦርዱ ላይ ባለው ኤችዲኤምአይ ትሰኪያለሽ። የኬዙ ማብሪያ ገና ስለሌለ፣ መመሪያው ፓወር ስዊች ብሎ የሚያሳያቸውን ሁለት ፒኖች በካቻቢቴ ጫፍ ለአፍታ አነካኪያቸው። ባዮስ፣ ማለትም ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚመጣው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ገጽ፣ ከመጣልሽ ዋና ዋናዎቹ ዕቃዎች ደህና ናቸው። ካልመጣም የምትጠረጥሪው ጥቂት ነገር ነው። ሁሉም ታስሮና ተሰክቶ ካለቀ በኋላ እምቢ ሲል ግን ችግሩን መፈለግ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል።

አሁን ወደ ፍርሃትሽ። ፕሮሰሰሩ በሚቀመጥበት በዚህ ሶኬት ፒኖቹ ያሉት ፕሮሰሰሩ ላይ ሳይሆን ማዘርቦርዱ ላይ ነው። በጣት ከተነኩ ይጣመማሉ፣ ስለዚህ እጅሽን አታስጠጊ። ፕሮሰሰሩ ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ ሦስት ማዕዘን ሶኬቱ ላይ ካለው ምልክት ጋር አስተካክለሽ ዝም ብለሽ አስቀምጪው። መጫን የለም። ከዚያ ማንሻውን ስትዘጊ ጠንከር ይልብሻል። ብዙ ጀማሪ እዚህ ጋ ደንግጦ ያቆማል። ፕሮሰሰሩ በትክክል ከተቀመጠ ግን ጥንካሬው የተለመደ ነው። ጥቁሩ የፕላስቲክ ሽፋን ራሱ ተፈናጥሮ ይወጣል። አትጣይው፣ ማዘርቦርዱ ለዋስትና ቢመለስ ይፈለጋል።

አብሮት የመጣውን ማቀዝቀዣ የምትጠቀሚ ከሆነ ቴርማል ፔስቱ (ሙቀት የሚያስተላልፈው ቅባት) ከሥሩ ተቀብቶ ነው የሚመጣው፣ ሌላ አትጨምሪ። መጀመሪያ ሶኬቱ ግራና ቀኝ ያሉትን የፕላስቲክ መያዣዎች ፍቺ። አራቱን ብሎኖች በሰያፍ፣ ትንሽ ትንሽ እያልሽ አጥብቂ። ገመዱ ሲፒዩ ፋን በሚለው ላይ ይሰካል።

ለማዘርቦርዱ የኃይል ኬብሉ ሁለት ነው። አንዱ ትልቁ ባለ 24 ፒን፣ ሌላው ከፕሮሰሰሩ በላይ ጠርዙ ላይ የሚገባ ባለ 8 ፒን። የግራፊክስ ካርዱም ኬብል 8 ፒን ስለሚሆን ላዩ ላይ የተጻፈውን አንብቢ። ሲፒዩ የሚለው ነው የሚያስፈልግሽ።

ሽቦ፦
ብሎን፣ እኔ በቀጥታ ኬዝ ውስጥ ነው የምገጥመው። ውጭ መሞከሩ ድርብ ሥራ ነው። ማለዳ፣ ከማዘርቦርዱ ሥር የሚገቡትን አጫጭር የብረት መቆሚያዎች ብቻ አረጋግጪ። ከማዘርቦርዱ የብሎን ቀዳዳዎች ጋር መግጠም አለባቸው። ያለቦታው የቀረ መቆሚያ ማዘርቦርዱን ሾርት ሊያደርገው ይችላል።

ብሎን፦
የመቆሚያዎቹ ነገር ትክክል ነው፣ እኔ አላነሳሁትም ነበር። ውጭ መሞከሩን ግን ለጀማሪ አልተውም። ለለመደ ሰው ድርብ ሥራ ሊሆን ይችላል። ለእሷ ግን እያንዳንዱን ዕቃ ሳትጨነቅ የምታውቅበት ጊዜ ነው።

ማለዳ፦
ውጭ ሞከርኩት። ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው! ማዘርቦርዱ ላይ ድራም የሚል ቢጫ መብራት በርቷል። ላጥፋው?

ብሎን፦
እንዳታጠፊው! ዲዲአር5 መጀመሪያ ሲበራ ማዘርቦርዱ ከራሙ ጋር ራሱን ያስተካክላል። ብዙ ደቂቃ ሊወስድ ይችላል፣ እስከዚያ ስክሪኑ ምንም አያሳይም። 15 ደቂቃ ያህል ጠብቂ። ከዚያም ካልመጣ አጥፊው፣ ኃይሉን ንቀይ፣ ራሙን አውጥተሽ ቀጭ እስኪል መልሰሽ ስኪ። አንድ ራም ብቻ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ከፕሮሰሰሩ ሁለተኛው ቦታ ነው። ሁለቱንም ስታስገቢ ሁለተኛውና አራተኛው።

ማለዳ፦
መጣ! ባዮስ ገባሁ! ሳልነካው ነው የመጣው። ግን የራሙ ፍጥነት 4800 ይላል። የገዛሁት 6000 ነው። ተታለልኩ እንዴ?

ብሎን፦
እንኳን ደስ አለሽ! አልተታለልሽም። 6000 ተብሎ የሚሸጠው ራም በራሱ ሲነሳ ብዙውን ጊዜ 4800 ላይ ነው። ኬዙ ውስጥ አስገብተሽ ሁለቱንም ራሞች ከሰካሽ በኋላ ባዮስ ውስጥ ኤክስፖ የሚለውን፣ ራሙን በተሸጠበት ፍጥነት የሚያስነሳውን፣ አብሪና ሴቭ አድርገሽ ውጪ። እንደገና ስክሪኑ ሊጨልም ይችላል፣ ያው ጠብቂ። ግራፊክስ ካርዱን ስትጨምሪ ደግሞ የሞኒተሩን ኬብል ከማዘርቦርዱ ነቅለሽ ካርዱ ላይ ስኪ። አለበለዚያ ሞኒተርሽ የሚገናኘው ከ4060ው ጋር ሳይሆን ከፕሮሰሰሩ ግራፊክስ ጋር ነው።