የ«ዘ ቲንግ» የግርጌ ጽሑፍ ከድምፁ እየራቀ ይሄዳል፤ እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት መፍትሔ እፈልጋለሁ

ነጭ መጋረጃ (ጠያቂ)፦
ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ምሽት በ12 ሰዓት ለአሥራ አምስት ያህል ሰዎች የቀድሞውን «ዘ ቲንግ» የተባለ አስፈሪ ፊልም እና በኋላ እንደገና የተሠሩትን ጎን ለጎን እያሳየሁ ላነጻጽር ቀጠሮ ይዣለሁ። ጓደኛችን ሁለት ወር ደክሞ ለ1982ቱ (እ.ኤ.አ.) ፊልም ያዘጋጀው የአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ በእርሱ ላፕቶፕ ላይ በትክክል ይሠራል፤ በእኔ ላይ ግን ተናጋሪው ተናግሮ ከጨረሰ በኋላ ነው የሚመጣው። የደም ምርመራው ትዕይንት ላይ ስደርስ ጭራሽ የሌላ ትዕይንት ንግግር ይነበባል። ጓደኛዬ መንገድ ላይ ስለሆነ በስልክ ላገኘው አልቻልኩም። እባካችሁ ፍጠኑልኝ።

ቁልፍ ሰባሪ፦
ወንድሜ፣ ይህ ቀላል ነገር ነው። ፊልሙን በቪ.ኤል.ሲ (የፊልም ማጫወቻ ፕሮግራም ነው) ክፈተውና «ጂ» የሚለውን ቁልፍ ጽሑፉ ከተናጋሪው ከንፈር ጋር እስኪገጥም ድረስ ደጋግመህ ተጫን። ካሳለፍከው «ኤች» ወደ ኋላ ይመልስልሃል።

ነጭ መጋረጃ፦
እህት ነኝ፤ ስለ መልሱ ግን አመሰግናለሁ። በ«ጂ» መክፈቻውን አስተካክዬው ነበር። ከ10 ደቂቃ በኋላ 25 ሰከንድ ያህል ወደ ኋላ ቀረ፤ ፊልሙ አንድ ሰዓት ሲሄድ ደግሞ ልዩነቱ ወደ ሁለት ደቂቃ ተኩል ደረሰ።

የመደርደሪያው ጠባቂ፦
ንጽጽር የሚያቀርብ ሰው ከቁልፍ በፊት መነሻውን ማወቅ ይገባዋል። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የፊልሞቹ ሁሉ ምንጭ ጆን ካምቤል በ1938 «አስታውንዲንግ» በተባለው መጽሔት ላይ በብዕር ስም ያወጣው ረጅም ታሪክ ነው። በዚያ ታሪክ ውስጥ ከበረዶ የወጣው ፍጡር ያገኘውን ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ መስሎ ስለሚቀርብ፣ በደቡብ ዋልታ የተከማቹት ተመራማሪዎች ማን ሰው እንደሆነ መለየት ያቅታቸዋል። ሃዋርድ ሆክስ ፕሮዲዩሰር፣ ክርስቲያን ናይቢ ዳይሬክተር የሆኑበት የ1951ዱ ፊልም ይህን ዋና ሐሳብ ትቶ፣ ቦታውንም ወደ ሰሜን ዋልታ አዛውሮ፣ ጄምስ አርነስ የተጫወተውን ከዕፅዋት ወገን የሆነ ግዙፍ ፍጡር አቀረበ። እዚያ ጠላቱ ከበሩ ውጭ ነው፤ የአየር ኃይል ሰዎቹም ተባብረው በኤሌክትሪክ ያቃጥሉታል። ጆን ካርፔንተር በ1982 ጠላቱን ወደ ቤት ውስጥ አስገባው። እርስዎም ማነጻጸር ያለብዎ ይህንን ነው እንጂ የፍጡሮቹን መልክ አይደለም።

ሎሚ ሻይ፦
ጥያቄው ራሱ የተሳሳተ ነገር ይዟል። ካርፔንተር ወደ ካምቤል ታሪክ ተመልሶ ስለሠራ፣ የ1982ቱ የ1951ዱ ድጋሚ ነው ለማለት ይከብዳል። በ2011 ማቲስ ቫን ሃይኒንገን የሠራው ደግሞ በ1982ቱ ፊልም ላይ ተቃጥሎ የምናገኘው የኖርዌያውያኑ ካምፕ እንዴት እንደጠፋ የሚተርክ ቅድመ ታሪክ ነው፤ ምንም እንኳ ያንኑ ስም ይዞ ያንኑ ጭንቀት ቢደግምም። ስለዚህ «እንደገና የተሠሩት» ብለሽ ባታቀርቢ ይሻላል።

የመደርደሪያው ጠባቂ፦
በዚህ አልስማማም። ካርፔንተር የቀድሞውን ፊልም ባያስብ ኖሮ፣ የፊልሙ ርእስ መጋረጃውን እያቃጠለ የሚወጣበትን መክፈቻ እንዳለ አይወስደውም ነበር።

ጋዝ ማሞቂያ፦
ሊቃውንቱ እስኪታረቁ ድረስ ልጅቷ ሰዓቱ ያልፍባታል። ምናልባት ጽሑፉም እንደ ፍጡሩ ሌላውን መስሎ ገብቶ ይሆናል፤ በፊልሙ ላይ ደማቸውን እንደሚፈትሹት በጋለ ሽቦ ይመርመር። አሁን ከቀልዱ ልውጣና፣ የአንቺ ፋይል ጠቅላላ ርዝመቱ ስንት ነው? ጓደኛሽ የሠራበትስ?

ነጭ መጋረጃ፦
የእኔ 1 ሰዓት ከ44 ደቂቃ ነው። የእርሱ 1 ሰዓት ከ49 ደቂቃ እንደሆነ በጽሑፉ ፋይል አናት ላይ ጽፎታል። አምስት ደቂቃ ተቆርጦብኛል ማለት ነው?

ሎሚ ሻይ፦
እንግዲህ ተገኘ። የ2011ዱ 103 ደቂቃ ነው፤ ስማቸው አንድ ስለሆነ የያዝሽው እርሱን ነው። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የ2011ዱ ዋና ተዋናይት ሜሪ ኤልዛቤት ዊንስቴድ ከታየች ተሳስተሻል። በ1982ቱ ፊልም ካምፕ ውስጥ አንዲትም ሴት የለችም።

ነጭ መጋረጃ፦
የ1982ቱ ዋና ተዋናይ ከርት ራስል ከነጺሙ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ቼዝ ይጫወታል።

ጋዝ ማሞቂያ፦
የደም ምርመራ ስትይ ነገሩ ግልጽ ነበር፤ በ2011ዱ ላይ ሰዎቹ የሚፈተሹት ጥርሳቸው ውስጥ የተሞላው ብረት ታይቶ ነው፤ ፍጡሩ ሕይወት የሌለውን ነገር መቅዳት አይችልምና። የአንቺ ፋይል ትክክለኛው ፊልም ነው፤ ምንም አልተቆረጠበትም። ለሲኒማ የሚቀረጽ ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ነው። ለአውሮፓ ቴሌቪዥን የተዘጋጀ ቅጂ ግን በ25 ፍሬም እንዲሄድ ስለሚፈጠን፣ 109 ደቂቃው ወደ 104 ደቂቃ ተኩል ያጥራል፤ የራስል ድምፅም በጥቂቱ ይቀጥናል። በዚህ ምክንያት ነው ስሕተቱ እየተጠራቀመ የሚሄደውና «ጂ» መክፈቻውን ብቻ የሚያድነው። የጽሑፉን ፋይል መጀመሪያ ቅጂ አስቀሪለት፤ ከዚያ በ«ሰብታይትል ኤዲት» (የግርጌ ጽሑፍ ማስተካከያ ፕሮግራም ነው) ከፍተሽ፣ የፍሬም ፍጥነት መለወጫው ላይ ከ23.976 (24ቱ በፋይል ላይ የሚጻፈው እንዲህ ነው) ወደ 25 ለውጪውና በሌላ ስም አስቀምጪ። ቀደም ሲል በ«ጂ» ያስቀደምሽውንም ወደ ዜሮ መልሺው፤ አለበለዚያ በሌላ አቅጣጫ ይዛነፍብሻል። መክፈቻውን ሳይሆን የደም ምርመራውን ትዕይንት ከፍተሽ ፈትሺ፤ እዚያ ከገጠመ ሁሉም ቦታ ይገጥማል።

ሌላ ቋንቋ፦
ፋይሉን ከከፈትሽው አይቀር አንድ ነገር ልለምንሽ። በ1982ቱ መክፈቻ ላይ ውሻውን በሄሊኮፕተር እያሳደደ የመጣው ኖርዌያዊ መሣሪያ ይዞ ይጮሃል። በኖርዌይኛ የሚለው ነገር፣ ይህ ውሻ ሳይሆን ውሻ የመሰለ ነገር ስለሆነ ሽሹ የሚል ነው። አሜሪካውያኑ ስላልገባቸው ይገድሉታል፤ ውሻውንም ያስገቡታል። ካርፔንተር ሆን ብሎ የግርጌ ጽሑፍ አላደረገበትም፤ ጓደኛሽ ግን ትጉህ ተርጓሚ ከሆነ ተርጉሞት ይሆናል። ከተረጎመው አጥፊው፤ አለዚያ ተመልካችሽ ከራስል ቀድሞ ሁሉን ያውቃል።

ነጭ መጋረጃ፦
ተርጉሞታል። በትልልቅ ፊደል ነው የጻፈው።

የመደርደሪያው ጠባቂ፦
ይህ እርስዎ ለሚያቀርቡት ንጽጽር ከሁሉ የተሻለ መግቢያ ይሆናል። የ2011ዱ ፊልም ኖርዌያውያኑን የራሳቸው ቋንቋና የግርጌ ጽሑፍ ሰጥቷቸው፣ መጨረሻው ላይ ያንኑ የውሻ አደን እስከ መነሻው ያደርሰዋል። ከዚያ በኋላ የ1982ቱን መክፈቻ የሚያይ ሰው የሰውየውን ጩኸት ምክንያት አስቀድሞ ያውቀዋልና፣ በእኔ አስተያየት ቅድመ ታሪኩ ያበላሸው ይህንን ነው። በተጨማሪም የ1951ዱ ሰዎች ፍጡሩ የመጣበትን፣ በበረዶው ሥር ያለውን የጠፈር መንኮራኩር ቅርፅ ለማወቅ እጃቸውን ዘርግተው ክብ ሠርተው የሚቆሙበትን ትዕይንት፣ በ1982ቱ ላይ ከኖርዌያውያኑ ካምፕ በተገኘው የቪዲዮ ምስል ውስጥ ተመሳሳዩን ክብ ከሚያሳየው ጋር አያይዘው ያሳዩ። ሁለቱም ላይ ንግግሩ አያስፈልግዎትም፤ ጽሑፉ ባይስተካከል እንኳ ይሠራልዎታል።

ሎሚ ሻይ፦
ክቡን እንዳለ ወስዶ ሲያበቃም ግን ድጋሚ አይሆንም።

ቁልፍ ሰባሪ፦
እህቴ፣ «ጂ» ካልሠራልሽ ቁልፉ ተበላሽቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ሌላ ኪቦርድ ሰክተሽ እንደገና ሞክሪው።